የመንገድ ዳር ሰባት ሚስማሮች

አጎቴን የሰፈሩ ሰው «ጋሽ እሺ» ይለዋል። ስሙ በከንቱ አልወጣለትም። «ለነገ ይድረስልኝ» ሲሉት እሺ፣ «ትንሽ ቀንስልኝ» ሲሉት እሺ፣ የጎረቤት ልጅ ኳሱ ጣሪያ ላይ ወጥታበት «አውርድልኝ» ሲለውም መዶሻውን ጥሎ እሺ ነው። ሚስቱ «ይሄ ሰውዬ ሞት ራሱ መጥቶ ተነሥ እንሂድ ቢለው፣ እሺ፣ ጫማዬን ላድርግ ነው የሚለው» እያለች ትስቅበታለች። እሱም አብሯት ይስቃል። ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም፤ ሲከፋው ዝም ይላል፣ ዝም አይነቅዝም ብሎ።

ሥራው የጣሪያ አሸንዳ መሥራት ነው። ጥቅል ላሜራ ይገዛል፣ መንገድ ዳር ይዘረጋዋል፣ በመቀስ ይቆርጠዋል፣ ከዚያ ረጅም ብረት ላይ አስተኝቶ በእንጨት መዶሻ እየቀጠቀጠ ያጥፈዋል። የሚወጣው ስድስት ሜትር ሙሉ፣ አንድ ወጥ አሸንዳ ነው። ሌሎች ሠሪዎች ሁለት ሁለት ሜትሩን በሪቬት እያያያዙ ይሸጣሉ። አጎቴ ግን «ቅጥያ ያለው አሸንዳ ወንፊት ነው» ባይ ነው። ስሙ የቆመው በዚህ ነበር። ሰው ቤት ሠርቶ ጣሪያ ሲያለብስ «ያንን ቅጥያ የማያውቀውን ሰውዬ ጥሩልኝ» ይላል።

ሱቁ ፊት ለፊት፣ አስፋልቱ አልቆ አፈሩ በሚጀምርበት ጠርዝ ላይ፣ ጭንቅላታቸው ሰፋፊ የሆኑ ሰባት ሚስማሮች በየሜትሩ መትቷል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልክ ስድስት ሜትር ነው። ሜትር የሚባል ዕቃ በእጁ ሲይዝ አላየሁም፤ መለኪያው መንገዱ ነው። እናቴ ሥራ ፍለጋ ራቅ ወዳለ ከተማ ስትሄድ እሱ ጋ የተወችኝ በስድስት ዓመቴ ነበር። መጫወቻዬ እነዚያ ሚስማሮች ሆኑ። ከአንዱ ወደ ሌላው በአንድ ዝላይ ልሻገር ስል አፈር ላይ እየወደቅኩ ጉልበቴ ተላጠ። የተሳካልኝ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ነው። ያን ቀን አጎቴ መዶሻውን አስቀምጦ አጨበጨበልኝ። አንድ ሜትር ምን ያህል እንደሆነ ያወቅኩት በእግሬ ነው ማለት ነው፤ በኋላ የሆነውን ስታነቡ ይህንን አትርሱብኝ።

እሱን ጨምሮ አምስት የቆርቆሮ ሠራተኞች ጎን ለጎን ነበሩ። አንዱ ምድጃ ይሠራል፣ አንዱ የመስኮት ፍሬም፣ አንዱ የልብስ ሳጥን። ባልዲና መዘፍዘፊያ የሚሠሩት ደግሞ እትዬ ምላጭ ናቸው፤ ይህ ስም የወጣላቸው ከመቀሳቸው ይልቅ ከምላሳቸው የተነሣ ነው። «ሱቅ» የሚባሉት አምስት ክፍሎች ውስጥ የሚገባው ዕቃ ነው። ሰው የሚሠራው ደጅ ነው። ክፍሎቹ ለማደሪያና ለዝናብ መጠለያ እንጂ ለሥራ አይደሉም፤ ይህን በአካባቢው የማያውቅ የለም።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አርክቴክቸር መማር ስጀምር አጎቴ «ኢንጂነሯ» ይለኝ ጀመር። ኢንጂነር አይደለሁም፣ አርክቴክት ነው የምሆነው ስለው «እሺ» አለና «ኢንጂነሯ» ማለቱን ቀጠለ። አራተኛ ዓመት ላይ መምህራችን አንድ ሥራ ሰጡን፦ የእጅ ሥራና አነስተኛ ምርት የሚካሄድበት ቦታ መንደፍ። የልምምድ ወሬ ብቻም አልነበረም። ማዘጋጃ ቤቱ መንገድ ዳር የሚሠሩትን ወደ አንድ አሮጌ የእህል መጋዘን ሊያስገባ ወስኖ ነበር። መጋዘኑ በክፍል በክፍል የሚከፋፈለው ከተማሪዎቹ በሚመረጠው ንድፍ መሠረት ነው። ከዚያ መምህሩ የመንገዱን ስም ጠሩ። የእኛን መንገድ። ሦስት ሆነን ተመደብን፦ እኔ፣ ረጅሙ የምንለው ልጅና ባለመነጽሯ።

«እዚያ የሚሠራው አጎቴ ነው» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ባለመነጽሯ በአባቷ መኪና የምትመጣ ልጅ ነበረች፤ ረጅሙ በየሳምንቱ ጫማ ይለዋውጣል። እኔ ደግሞ ላሜራ ሲቆረጥ የሚወጣው የብረት ሽታ ከልብሴ አልወጣ ያለኝ ይመስለኝ ነበር። ከመሄዳችን በፊት በነበረው ቀን ለአጎቴ ነገርኩት።

«ነገ ከትምህርት ቤት ሰዎች ይመጣሉ» አልኩት። «መንገዱን ብታጸዱት ጥሩ ነው። ማዘጋጃ ቤቱም ሰው ይልክ ይሆናል፤ ደጅ ላይ ካገኟችሁ ነገር ይሆናል።»

«እሺ» አለ።

የማዘጋጃ ቤቱን ነገር ከኪሴ ነው ያወጣሁት። እውነቱ ማፈሬ ነው። የዘለልኩበትን መንገድ አፈርኩበት። ይህን አሁን በግልጽ መጻፍ አይከብደኝም፤ የከበደኝ ያኔ ማሰቡ ነበር።

በማግስቱ ስንደርስ መዶሻ የሚባል ድምፅ የለም። መንገዱ ተጠርጓል፣ ውሃ ተረጭቶበታል። አምስቱም የታጠበ ሸሚዝ ለብሰው በየበራቸው ቆመዋል። አጎቴ የሰርግ ኮቱን ለብሷል። ሚስማሮቹን ሰው እንዳይሰናከልባቸው ብሎ አፈር አልብሷቸዋል። ዕቃው ሁሉ ጓሮ ተወስዶ ክፍሎቹ ባዶ ሆነዋል። ረጅሙ በጨረር የምትለካውን መሣሪያ አውጥቶ በግድግዳው ላይ ቀይ ነጥብ እያሳየ ለካ፦ ሦስት ሜትር ከሃያ በአራት ሜትር ከአሥር።

መምህሩ ጠንቃቃ ሰው ናቸው። ኮቱን አዩ፣ ባዶውን ወለል አዩ፣ ከዚያ ወደ መንገዱ ዞሩ።

«ጌታዬ፣ ሥራውን የት ነው የሚሠሩት?» ብለው አጎቴን ጠየቁት። «እዚህ ውስጥ ነው ወይስ ደጅ ይወጣሉ?»

አጎቴ አየኝ። እኔ ደብተሬን አየሁ።

«ውስጥ ነው» አለ። «ሁሉም ውስጥ ነው።»

ረጅሙ ጻፈው። ስንመለስ ባለመነጽሯ «ኮት የለበሱት ሰውዬ ደስ ይላሉ፤ ታውቂያቸዋለሽ እንዴ?» አለችኝ።

«በመልክ» አልኳት።

ንድፋችን ተመረጠ። ሲታይ ጥፋት አልነበረበትም። ክፍሎቹን ከድሮው አስፍተን አራት በአራት ተኩል አደረግናቸው፤ በጣሪያው ብርሃን አስገባንላቸው፤ በመካከል መታጠፊያ ያለው ጠባብ ኮሪደር አበጀን፣ «ሠራተኞቹ መንገድ ላይ እየተገናኙ እንዲጫወቱ» ብለን። ሞዴሉን የሠራሁት እኔ ነኝ። በአንዱ ክፍል ውስጥ ከወረቀት አንድ ሰውዬ ቆርጬ አቆምኩ፤ እጁ ላይ አሸንዳ አስያዝኩት። አሸንዳውን በልኩ ብሠራው ግድግዳውን ቀዶ ይወጣ ነበር። ስለዚህ ለውበት ብዬ አሳጠርኩት።

ዐውደ ርዕይ ሲከፈት ቆርቆሮ ሠሪዎቹም ተጠሩ። አጎቴ ከኋላ ቆሞ ቆየና ወደ ሞዴሉ ጎንበስ ብሎ የወረቀቱን ሰውዬ ለረጅም ጊዜ አየው። መምህሩ «ምን ይመስልዎታል?» ሲሉት «እሺ» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ወደ እኔ አልመጣም። እንደማያውቀኝ ሰው በሩቁ ራሱን ነቀነቀልኝና ወጣ። ማንም ሳይነግረው ገብቶታል ማለት ነው።

በሦስት ወር ውስጥ ግድግዳዎቹ ቆሙ፤ አምስቱም ገቡ። እኔ በዚያው ሥራ ምክንያት አንድ የታወቀ ቢሮ ለልምምድ ወስዶኝ ነበር፤ ስመረቅ እንደሚቀጥረኝም ቃል ገብቶልኛል። ቤት የምገባው እየመሸ ሆነ። የአጎቴ ሚስት «ራዲዮኑን ከፍ አድርጊልኝ ይላል፤ እኔ ደግሞ ጆሮዬ ሊፈነዳ ነው» ስትል ሰምቼ እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት። ክረምቱ ገባ።

አንድ ቀን እትዬ ምላጭ ቢሮው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ጣታቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«ኢንጂነሯ» አሉኝ። «የሠራሽልን ቤት እጅግ ያምራል። ለመቀበሪያ።»

«ምን ሆናችሁ እትዬ?»

«ምን እንሆናለን፤ አምስት ሰው በዝግ ቤት ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ ምን ይሆናል? አንዳችን ከአንዳችን በእጅ ምልክት ሆኗል የምናወራው። መዘፍዘፊያዬ በኮሪደሩ መታጠፊያ አያልፍም፤ ገልብጬ ስጎትት ጣቴን ይኸው። አጎትሽማ...» የጣታቸውን ጨርቅ አጠበቁ። «አጎትሽ አሸንዳውን እየቆራረጠ መቀጠል ጀምሯል።»

የበሩ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ።

የቀረውንም ነገሩኝ። ማዘጋጃ ቤቱ አንድ ቅጽ አውጥቷል። አምስቱም ተጠቃሚዎች «ክፍሎቹ ለሥራችን አልሆኑም» ብለው ከፈረሙ መካከለኛው ግድግዳና ኮሪደሩ ፈርሶ፣ ከፊት ያለው ሰፊ ግቢ ለሥራ ይሰጣቸዋል። ፊርማው እስከ ዓርብ መግባት አለበት፤ ከዚያ ፋይሉ ይዘጋል። አራቱ ፈርመዋል።

«አምስተኛው ጋሽ እሺ ነው» አሉ። «ለዓለም ሁሉ እሺ ሲል የኖረ ሰው፣ እኛ ስንለምነው አፉን ዘጋ። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም፤ እኛ ጎረቤቶቹ ጮኸን ጮኸን ደከመን። ምን አስነክተሽው እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ።»

ወዲያው ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። ከውጭ ሆኜ ነው ድምፁ ደረቴን የመታኝ። ውስጥ ሲገባ ደግሞ ድምፅ መሆኑ ያበቃል፤ ግድግዳው ራሱ ይመታሻል። ያ መታጠፊያ፣ «እንዲገናኙ» ያልንበት፣ ገጹ በላሜራ ጠርዝ ተቦጫጭሯል። አጎቴ ክፍሉ ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል። ሦስት ጊዜ «ጋሼ» ብዬ ጠራሁት፤ አልሰማም። ትከሻውን ስነካው ዞሮ ከጆሮው ጥጥ አወጣ። ወለሉ ላይ ሁለት ሁለት ሜትር የሆኑ አሸንዳዎች ተደርድረዋል። ጥግ ላይ አንድ የተመለሰ አሸንዳ ቆሟል፤ ከቅጥያው በታች የዝናቡ ውሃ የጭቃ መስመር ሠርቶበታል።

«ለምን አልፈረምክም?» አልኩት።

«ምሳ በልተሻል?»

«ጋሼ።»

መዶሻውን አስቀመጠ። «ቅጹን አይተሽዋል?» አለ። «ሦስተኛው ላይ ጥያቄ አለ። ግድግዳው ከመሠራቱ በፊት የሥራችሁ ሁኔታ በትክክል ታይቷል ወይ ይላል። አልታየም ብዬ ከፈረምኩ፣ ያላየው ማነው ይባላል። አንቺ ነሽ የምትመጪው።»

«እኔ አይቻለሁ። ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ አይቻለሁ። አይቼ ነው የደበቅኩት።»

«እኔም ተጠይቄ ውስጥ ነው ብያለሁ። ካፍ ከወጣ አፋፍ።»

«ያልከው እኔን አይተህ ነው።»

«አየሁሽ እንጂ» አለ። «ደብተርሽን ታያለሽ። ከልጅነትሽ ጀምሮ አንገትሽን እንደዚያ ደፍተሽ አይቼሽ አላውቅም። ልጅቱ አፍራለች አልኩ በሆዴ። ያፈረ ልጅ ሰው ፊት አይጋለጥም።»

ብዙ ነገር ልለው መጥቼ ነበር። ከጎን ያለው የምድጃ ሠሪው መዶሻ ግድግዳውን እያነቃነቀው ነበር።

«እነሱም እኮ እየተጎዱ ነው» አልኩት በመጨረሻ።

«አውቃለሁ። እትዬም አያናግሩኝ። እውነት አላቸው። ግን ባሳደግኳት ልጅ ላይ አልፈርምም።» ጥጡን ወደ ጆሮው መለሰ። «አይሆንም።»

ከዚያ አፍ «አይሆንም» ሲወጣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ዕድሜ ልኩን ሳይነካው ያስቀመጣትን አንዲት እምቢታ ለእኔ ሲል አወጣት፤ ያውም በማይሆን ቦታ። ወደ ቤት ስሄድ መንገድ ላይ አለቀስኩ። ተናድጄበትም ነበር። እንደዚያ መወደድ አንዳንዴ ከስድብ ይብሳል።

በማግስቱ መምህሩ ቢሮ ገባሁና ሳልቀመጥ ነገርኳቸው። መንገዱን ማን እንዳስጠረገው፣ አጎቴ ለምን እንዳየኝ፣ በሞዴሉ ላይ ያሳጠርኩትን አሸንዳም ሳይቀር። ጠረጴዛቸው ላይ የነበረውን ወረቀት አንድ ጊዜ አጠፉት፣ እንደገና ዘረጉት።

«አይቼ ነበር» አሉ። «ወለሉ ላይ አንዲት የቆርቆሮ ቁራጭ እንኳ አልነበረችም። መጠርጠር ነበረብኝ። ይህን ጽፈሽ ትፈርሚበታለሽ?»

«እፈርማለሁ።»

«የወሰደሽ ቢሮ ይሰማል።»

«አውቃለሁ።»

ፈረምኩ። ቢሮው ሰማ። በሁለተኛው ቀን ጠርተው «የቅጥሩ ጉዳይ ለጊዜው ይቆይ» አሉኝ፤ በቢሮ ቋንቋ «ለጊዜው ይቆይ» ምን ማለት እንደሆነ ሰው ሁሉ ያውቃል። መምህሩ ደግሞ የእኔ ወረቀት ብቻውን ግድግዳ እንደማያፈርስ ነገሩኝ። አምስተኛው ፊርማ ያስፈልጋል፤ ከእሱም ጋር ሥራው በእውነት የሚፈጀውን ቦታ የሚያሳይ ልኬት መቅረብ አለበት። ሐሙስ ጠዋት አምስቱም ሠራተኞች፣ የክፍል ጓደኞቼም ወደ ድሮው መንገድ እንዲመጡ ተስማማን። ለአጎቴ ረቡዕ ማታ ነገርኩት።

«የሥራ ልብስህን ልበስ። ዕቃህን ይዘህ ና። አደራህን እንዳታጸዳ።»

«እሺ» አለ።

ሐሙስ ስንደርስ የድሮዎቹ ሱቆች በር ታሽጓል፤ መንገዱ ግን እንደነበረ ነው። እትዬ ምላጭ መሬት ተቀምጠው መዘፍዘፊያ ይቀጠቅጣሉ፤ ድምፁ ወደ ሰማይ ይወጣና ይጠፋል። ሌሎቹም በየቦታቸው ናቸው። አጎቴ የሰርግ ኮቱን ለብሶ፣ መጥረጊያ ይዞ፣ የመንገዱን ግማሽ ጠርጎ ጨርሷል።

«አታጽዳ ብዬህ ነበር» አልኩት።

«ትንሽ ብቻ ነው» አለ። «እንግዳ ሲመጣ ደግሞ...»

እትዬ ምላጭ ቀና ሳይሉ «ተዪው» አሉኝ። «እሱ መጥረጊያ ይዞ ነው የተወለደው።» ካኮረፉት ወዲህ ስለ እሱ ደግ ነገር ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነበር።

ወደ ባለመነጽሯ ዞርኩ። «አጎቴ ነው» አልኳት። «ያሳደገኝ እሱ ነው።»

ባለመነጽሯ እሱን አየችው፣ እኔን አየችኝ። «በመልክ?» አለች ቀስ ብላ።

መምህሩ ቅጹን በእጃቸው ይዘው ወደ አጎቴ ተጠጉ። ረጅሙ ደብተሩን ከፍቷል። «ጌታዬ» አሉት፣ «ባለፈው የጠየቅኩዎትን ልድገመው። ሥራውን የት ነው የሚሠሩት?»

አጎቴ አየኝ። በዚህ ጊዜ ደብተር አልያዝኩም። አየሁት። ልክ እንደዚያን ቀን ቸኩሎ የሚመልስ መስሎኝ ፈርቼ ነበር፤ ግን ቆየ፣ ፊቴን መረመረ፣ ማፈሬ አልቆ እንደሆነ የሚፈልግ ይመስል ነበር። አላለቀም። ግን ዓይኔን ከእሱ ላይ አልነቀልኩም።

«ቢሮውስ?» አለኝ፣ መምህሩን ትቶ።

«ቀረ» አልኩት።

«ለዚህ ብለሽ?»

«ለዚህ።»

እሺ አላለም። ዕድሜውን ሙሉ እሺ ሲል የኖረ ሰው ለዚህችኛዋ እሺ ማለት አቃተው። ከዚያ ኮቱን አውልቆ ሰጠኝ፣ ጎንበስ አለና ከአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ዛሬም ለእንግዳ ብሎ ራሱ ያለበሰውን አፈር በመጥረጊያው መጥረግ ጀመረ። የመጀመሪያው ሚስማር ታየ። አንድ እርምጃ ተራምዶ ሁለተኛውን አወጣ። እትዬ ምላጭ መዶሻቸውን አቁመው ያዩት ነበር። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ፣ በመጥረጊያው እጀታ ከዳር እስከ ዳር ለመምህሩ አሳያቸው።

«እዚህ ነው» አለ። «አምጡት ወረቀቱን።»